ጋሽ እንፋሎትና የዳኛው ቆርቆሮ

ጋሽ እንፋሎት ልብስ ተኳሽ ነው። የእሱ ላውንደሪና የእኔ ቁልፍ መቅረጫ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ግድግዳ ያልኩት ለክብሩ ነው እንጂ ጣውላ ነው፤ ያውም የተሰነጠቀ። እሱ ሲያስነጥሰው እኔ እዚህ ሆኜ «ይማርህ» እላለሁ። ካውያውን ሲያቆም «ጢስስስ» የሚለው እንፋሎት በስንጥቁ አልፎ መነጽሬን ያደበዝዘዋል። ስሙንም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አልክድም።

ሠላሳ ዓመት ቆሞ ተኩሷል። ቀኝ ክንዱ ከግራው ይወፍራል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማ ሰው የለም፤ ማንንም «አንተ» ሲል የሰማም የለም። ደንበኛውን አንቱ ይላል፣ ደንበኛዋ ያዘለችውን ሕፃን አንቱ ይላል። አንድ ቀን ካውያው አልግል ሲለው «ምነው፣ ዛሬ ደከሙ?» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሚስቱን ደግሞ «እሜቴ» ነው የሚላት።

እኛ ግን እትዬ ደረሰኝ ነው የምንላት። ልብስ የምትቀበለው እሷ ናት፤ በዚያ በር የገባ ነገር ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍርና ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ይያዝበታል። አንድ ቀን ዝናብ አባሮኝ ገብቼ ብቆም፣ ዓይኗ ኮቴ ላይ እጇ መርፌ ቁልፉ ላይ ነበር። ቶሎ ወጣሁ።

በቀቀኑም የገባው በዚሁ በር ነው። አንዲት የቋንቋ አስተማሪ ሦስት ሸሚዝና አንድ በሽቦ የተሠራ የወፍ ጎጆ ይዛ መጣች። «መንገድ አለብኝ፣ አሥራ አምስት ቀን ብቻ ያዙልኝ» አለች። እትዬ ደረሰኝ ወፍ አንቀበልም አላለችም። እስክሪብቶዋን አነሳችና ጻፈች፦ «ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት። በቀቀን፣ ግራጫ፣ ጅራቱ ቀይ። እድፍ፦ የለበትም።» ደረሰኙን ቀድዳ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ይኸው እስካሁን በመንገድ ላይ ናት።

የላውንደሪው ደንብ ስድስት ወር ያልተወሰደ ልብስ ለቸገረው ይሰጣል ይላል። ሸሚዞቹ ተሰጡ። በቀቀን የቸገረው ሰው ግን ከየት ይገኛል? ቀረ። ዳኛው አልነው፤ ምክንያቱም ሰው ሲያወራ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሁለቱንም ወገን ይሰማል፣ ፍርድ ግን አይሰጥም።

ጎጆው ውስጥ ሲቀመጥ የደረቱን ላባ አንድ በአንድ እየነቀለ ጨረሰው። ጋሽ እንፋሎት ይሄን ማየት አልቻለም፤ አንድ ቀን በሩን ከፈተለትና «ይውጡ፣ አየር ያግኙ» አለው። ዳኛው ወጥቶ የተተኮሰ ልብስ የሚንጠለጠልበት ብረት ላይ ሰፈረ። እዚያ ላይ ሆኖ ምን እንዳደረገ መናገር ያሳፍራል፤ ግን ጨዋታው ስለሱ ስለሆነ ልናገር። ታች የተሰቀለው የሙሽራ ቀሚስ ነበር። ሠርጉ በማግስቱ ነው።

ግማሽ ቀን ሙሉ ሁለቱም እጃቸው እስኪላጥ አጠቡ። ቀሚሱ ዳነ፣ የእትዬ ደረሰኝ ትዕግሥት ግን አልዳነም።

«ቅዳሜ ወንድሜ ይመጣል፤ ይዞት ይሂድ» አለች። «ጫካ አጠገብ ነው የሚኖረው፣ እዚያ እንደ ልቡ ይልቀቀው።»

«እሜቴ፣ አርባ ቀን ይስጡኝ።»

«አርባ ቀን ምን ልትሆን?»

ጋሽ እንፋሎት ጆሮው ቀላ። «አስለምዳቸዋለሁ።»

«ምን?»

«መጸዳጃ።»

እኔ ከጣውላው ወዲህ ሆኜ የሳቅኩት ሳቅ አንድ ቁልፍ አበላሽቶብኛል። እሷ ግን አልሳቀችም። «አርባ ቀን» አለች፤ «ከዚህ በኋላ አንዲት ጠብታ ልብስ ላይ ካየሁ ግን በዚያችው ቀን ይወጣል።»

መጀመሪያ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አላደረገም፤ እየተኮሰ ማየት ብቻ። እንደ ቀላል አትዩት፤ ተኳሽ እኮ ማየት ያውቃል። ጨርቅ ሊቃጠል ሲል ገና ሳይሸት ካውያውን የሚያነሳ ሰው ነው። ያየውን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ይጽፋል። አንድ ቀን አሳየኝ። «ሲነቁ ወዲያው። ከዚያ በየሃያ ደቂቃው። ከበሉ በኋላ አሥራ ሁለት። ሲደነግጡ ሰዓት የላቸውም።»

«ጋሼ፣ መምጫውን ግን እንዴት ታውቃለህ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ወሬ ያቆማሉ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ጅራታቸው ከፍ ይላል። ከዚያ ፊታቸው ላይ አንድ ሐሳብ ይመጣል።»

«ምን ዓይነት ሐሳብ?»

ትንሽ አሰበና «እንደኛው ነው» አለ።

በስንጥቁ ተደግፌ አየሁ። እውነቱን ነው። ወፉ ወሬ አቆመ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ጅራቱን አነሳ፣ ከዚያ ፊቱ ላይ ያ ሐሳብ መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ አውቶቡስ ውስጥ የሰው ፊት ማየት አቁሜያለሁ።

ሐሳቡ ሲመጣ ጋሽ እንፋሎት ካውያውን ያቆማል፣ ጢስስስ። ወፉን በጣቱ ተቀብሎ ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ባዶ የአሚዶ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ውስጡ ጋዜጣ ተነጥፏል። ከዚያ ለአክብሮት ፊቱን ወደ ጣውላው ያዞርና በዝግታ «ይበሉ ጌታዬ» ይላል። ሲያበቃ «ጎበዝ!» ይልና አንዲት የሱፍ ፍሬ ይሰጠዋል። በቀን ሠላሳ ጊዜ፣ ሳይሰለች። አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ ዳኛው ቆርቆሮው ላይ ጨዋ ሆኖ ይቆይና ጣቱ ላይ ሲመለስ ይለቀዋል። ጋሽ እንፋሎት እጁን ታጥቦ ይመለሳል። ቁጣ የለ፣ ምን የለ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን መነጽሬ ደበዘዘ። ጠርጌ በስንጥቁ ሳይ፣ ካውያው ቆሟል፤ ዳኛው ማንም ሳይነካው ከብረቱ ተነሳና በረረ፣ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አረፈ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ጠበቀ። «ይበሉ ጌታዬ» ተባለ። አለ። ጋዜጣው ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ። የእጅ መዳፍ የምታህል ነገር፣ ጭንቅላቷ ሎሚ የማያክል፣ ቆማ ፈቃድ ስትጠብቅ ያየሁ ቀን ስለ ብዙ ነገር የማውቅ የመሰለኝን ተውኩት።

አርባው ቀን ሞላ። አንዲት ጠብታ የለም። እትዬ ደረሰኝ ወፉን ለወንድሟ ልትሰጥበት ያዘጋጀችውን ካርቶን ገነጣጥላ የሸሚዝ መደገፊያ ስታደርገው አየኋት። ወፉም በዚያ ላይ «ይበሉ ጌታዬ»ንና «ጎበዝ!»ን ለመደ። ያውም በራሱ በጋሽ እንፋሎት ድምፅ። ሰው ገብቶ ጀርባውን ሲሰጥ «ይበሉ ጌታዬ» የሚለው ማን እንደሆነ አይለይም። አንድ ትልቅ ሰው «ምን ልበል?» ብለው መልሰውለታል።

አንድ ነገር ግን ልብ አላልንም። አንድ ቀን አንድ ወሬኛ ደንበኛ ጋሽ እንፋሎትን ካውያውን በእጁ እንደያዘ አንድ ሰዓት ተኩል አቆመው። ዳኛው ያን ሁሉ ጊዜ ቆርቆሮው ላይ አንዱን እግር አንስቶ ሌላውን እየጣለ ቆየ፤ ልክ ሰልፍ ላይ እንዳለ ሰው። እኛ ሳቅን፣ አደነቅን። መፍራት ነበረብን።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ እንፋሎት ጎኑን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ታጠፈ። ትርፍ አንጀት ነው አሉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ገብቶ ሆዱ ተቀደደ። ከቀዶው ደህና ወጣ። ላውንደሪው ተዘጋ፣ ካውያው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ደረሰኝ ጣውላውን ደበደበች። «ና እስቲ! ይሄ ወፍ ልክ አይደለም!»

ዳኛው ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ላባው ተነፍቷል፣ ዓይኑ ከደን ከደን ይላል። ጋዜጣው ደረቅ ነው።

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አላለም» አለች። «ምግብም እምቢ ካለ ቆየ።» ጎንበስ ብላ ድምፅዋን አለስልሳ «ይበሉ ጌታዬ» አለችው። ምንም። እኔ ድምፄን አወፍሬ «ይበሉ ጌታዬ» አልኩ። ዳኛው አንገቱን ሰበር አድርጎ ሁለታችንንም ሰማን። ፍርድ የለም።

የእንስሳት ሐኪሙን ጠራን። ሥራው አብዛኛው ውሻ ነው፤ ግን እጁ ልስልስ ነው። ሆዱን በሁለት ጣት ዳሰሰው።

«ይዞታል» አለ።

«ምን ነው የያዘው?» አለች።

«ምንም አልያዘውም፣ ራሱ ነው ራሱን የያዘው። እስከ ማታ ካልለቀቀ ውስጡ ይመረዛል፤ ያኔ እኔም የምሠራው የለም።»

«ጫን ብናደርገውስ?» አልኩ።

«ትገድሉታላችሁ። ይልቅ ያስለመደው ሰው ያስለቅቀው።»

ሐኪሙ ሲወጣ እትዬ ደረሰኝ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ» አለች። «አንዲት ጠብታ ብዬ ያስፈራራሁ እኔ ነኝ።» ከዚያ ድንገት ተነሳች፣ ከመስቀያው ላይ አሚዶ የበላ ነጭ ሸሚዝ አወረደችና ወፉን አንስታ ሸሚዙ ላይ አስቀመጠችው። የማን ሸሚዝ እንደሆነ እንኳ አላየችም። «እንካ! ልቀቀው! ሙሽራ ላይም ልቀቀው፣ የፈለግክበት ላይ ልቀቀው!»

ዳኛው ሸሚዙን አየ። አንዱን እግሩን አነሳ፣ ሌላውንም አነሳ፤ እየተንገዳገደ ከነጩ ላይ ወረደና ወደ ቆርቆሮው ተመለሰ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጠበቀ።

እኔ ብዙ ማዕረግ ያለው ሰው ቁልፍ ቀርጬ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ጨዋ ግን አላየሁም።

ከምሳ በኋላ የበሽተኛ መጠየቂያ ሰዓት ነበር። «ሂድ፤ ግን እንዳትነግረው፣ ስፌቱ ይለቅበታል» አለችኝ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።

ክፍሉ አሥራ ሁለት አልጋ አለው። ጋሽ እንፋሎት መሐል ላይ ተኝቷል፤ ፊቱ ገርጥቷል፣ ግንባሩ ላይ ላብ። ራስጌው ነርሷ ቆማለች፣ ጥግ ላይ ያለው ቧንቧ ተከፍቶ ይፈሳል።

«አባቴ፣ አሁንም እምቢ?» አለችው።

ዓይኑን ጣራ ላይ ተከለ። ለካ እሱም ከተቀደደ ጀምሮ ሽንቱ አልመጣም። ቧንቧውን የከፈተችው ድምፁ ያመጣዋል ብላ ነው።

ከጎኑ እግሩ በጀሶ ታሽጎ የተንጠለጠለ የታክሲ ሹፌር አለ። «ሲስተር፣ በፈጠረሽ ዝጊው» አላት። «እሱ ሳይሸና እኛ አሥራ አንዳችን አልጋ ላይ ልንለቀው ነው።»

«እስከ አሥር ሰዓት ካልሸኑ ቱቦ ነው የማስገባው» አለች ነርሷ፣ ለጋሽ እንፋሎት። እሱ አንሶላውን እስከ አገጩ ሳበው። ለሕፃን አንቱ የሚል ሰው ቱቦ ሲባል አስቡት።

«ዳኛው እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«ደህና ናቸው።»

ዞሮ አየኝ። «አንቱ አሏቸው እኮ። እርስዎ አንቱ ብለዋቸው አያውቁም። ምን ሆኑ?»

እንዲህ ነው የተያዝኩት። ነገርኩት፤ ቆርቆሮውን፣ ሐኪሙን፣ ነጩን ሸሚዝ። ሊነሳ ሲል ነርሷ ደረቱን ያዘችው። «ስልክ» አለ።

ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። «ነገርከው!» አለች እትዬ ደረሰኝ፣ ገና ሄሎ ሳልል። «አፍህ መቼም አይዘጋ!»

«እሜቴ፣ ያቅርቡልኝ።»

ክፍሉን አንዴ ዞር ዞር ብሎ አየ። አሥራ አንድ በሽተኛ፣ ጠያቂ፣ ነርስ። «ይበሉ ጌታዬ» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ምን አሉ?» አለ ሹፌሩ።

«ይበሉ ጌታዬ!» አለ ድጋሚ፣ አሁን ሁሉም ሰማ።

ከስልኩ የላባ ድምፅ ተሰማ። «ስልኩን እያየ ነው» አለች። «ዞሮ ከኋላው እየፈለገህ ነው... የለህም።» ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። የራሱ የጋሽ እንፋሎት ድምፅ፣ ከስልኩ ውስጥ፦ «ይበሉ ጌታዬ።»

አንዱ ፈንድቶ ሳቀ፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ስፌት ያለባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሽ እንፋሎት አልሳቀም። «አላሉም አይደል?» አለ።

«አላለም» አለች። እያለቀሰች ነው።

ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጊዜ ነው ቀኝ እጁን ያየሁት። አንሶላው ላይ ይሄዳል፤ ኮሌታ፣ ትከሻ፣ እጅጌ። በስንጥቁ ስንት ዓመት ያየሁት ነው፣ አውቀዋለሁ። እጅጌውን ጨርሶ እጁ ከአንሶላው ተነሳና በጎን ቆመ።

ዓይኑ ተከፈተ። «ካውያው» አለ።

«ምን?» አልኩ።

«እሜቴ፣ ካውያው ግሏል?»

«ማን ሊተኩስ! ከትናንት ጀምሮ ዘግተናል።»

«ውኃውን ይሙሉና ያግሉት።»

አርባ ቀን ሙሉ ወፉ ቃሉን የሚጠብቅ ነበር የመሰለን። ወፉ የሚጠብቀው መጀመሪያ ካውያውን ነው። ጢስስስ፣ ከዚያ ቃሉ። ጋሽ እንፋሎት ራሱ ልብ አላለውም፤ ሠላሳ ዓመት ከጆሮው ያልጠፋ ድምፅ እንዴት ይሰማው? ሁልጊዜ ከቃሉ በፊት መነጽሬ ይደበዝዝ ነበር፤ ግን መነጽር አይናገርም።

ካውያ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል። ነርሷ ሌላ ክፍል ሥራ ነበራት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ ቧንቧውን ዝጊው፣ እንስማበት» አለ ሹፌሩ፤ አሁን ቀልድ የለውም። ዘጋችው።

«ጋለ» አለች እትዬ ደረሰኝ።

«ትንሽ ጨርቁ ላይ ያስኪዱትና ያቁሙት።»

ከስልኩ የብረት ድምፅ መጣ፣ ከዚያም ጢስስስስ። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ፤ ምንም የለበትም።

ጋሽ እንፋሎት ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ። ጎረቤቱ ከሆንኩ ጀምሮ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ በኮሪደሩ እስኪያስተጋባ፣ «ይበሉ ጌታዬ!» አለ።

ሹፌሩ አንገቱን ወደ ስልኩ አሰገገ።

ከዚያ እትዬ ደረሰኝ ትንፋሿን ስባ «አለ» አለች። «አለልህ! ኧረ አላቆመም... ኧረ ገና ነው! ጋዜጣው...» ሳቋና ልቅሶዋ ተደባለቀ። ከኋላዋ ዳኛው ራሱ፣ ረክቶ፦ «ጎበዝ!»

አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ጠያቂዎቹ ቆመዋል፣ ነርሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

እትዬ ደረሰኝ ስልኩንም ካውያውንም ረስታቸዋለች። ካውያው እንደቆመ ነው፣ ጢስስስ ይላል። በዚያ መሐል ወፉ በጋሽ እንፋሎት ድምፅ፣ በጋሽ እንፋሎት ትሕትና፣ በዝግታ፦ «ይበሉ ጌታዬ።»

ጋሽ እንፋሎት ሊናገር የነበረውን ተወ። ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ፊቱ ላይ ያ ሐሳብ ሲመጣ አየሁ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ ወደ ሽንት መሽኛው ፕላስቲክ እያመለከተ።

መጋረጃው ተሳበ። አሥራ አንዱ በሽተኛ፣ ጠያቂዎቹ፣ እኔም ጨምሬ፣ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዞርን። ማንም አዙሩ አላለንም። ድምፁ ረጅም ነበር። ሲያበቃ ከስልኩ መጣ፦ «ጎበዝ!»

ሹፌሩ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። «ሲስተር፣ ያንን ባለ ላባ ሐኪም እዚህ ቅጠሩት» አለ፣ በዝግታ።

ጋሽ እንፋሎት በአምስተኛው ቀን ወጣ። ሱቁ ሲገባ መጀመሪያ የሄደው ወደ መዝገቡ ነው። ገጾቹን ገልጦ ሁለት መቶ አሥራ አራትን አገኘ፣ «የወሰደ ሰው ፊርማ» በሚለው ሥር ፈረመ። እትዬ ደረሰኝ ፊርማውን አየችና ከጎጆው ላይ ቁጥሩን ነቀለች። መርፌ ቁልፉን ግን አልጣለችውም።

«እሜቴ» አላት፣ «ሌላ አርባ ቀን ይስጡኝ።»

«ደግሞ ምን ልታስለምደው?»

«ላስረሳቸው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ካውያውን ያጠፋል። ቆርቆሮውን ለሁሉም በሚታይ ቦታ አኖረው። ዳኛው ሲሄድበት ቃል የለም፣ ጢስስስ የለም፤ ያለ ፈቃድ ካደረገ ግን ሁለት የሱፍ ፍሬ። «እኔን አይጠብቁ» ይለዋል። «ሲመጣብዎት ይሂዱ። የሚከለክልዎት የለም።» ዳኛው አንገቱን ሰበር አድርጎ ይሰማዋል። ሲያስጨንቀው ካውያውን አግሎ ያስለቅቀዋል፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ይጀምራል።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ማዶ ጭጭ አለ። በስንጥቁ አየሁ። ካውያው ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ዳኛው ከብረቱ ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ሆነ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። ጅራቱ ተነሳ። ጋሽ እንፋሎት ለአክብሮት ፊቱን ወደ ጣውላው አዞረ፤ ማለትም ወደ እኔ። አፍንጫ ለአፍንጫ ሆንን፣ በመሐላችን ስንጥቁ ብቻ።

ከኋላው ጋዜጣው ላይ ጠብ አለ።

ዳኛው ትንሽ ጠበቀ፤ የሚናገር እንደሌለ ሲያይ ራሱ አለው፦ «ጎበዝ!»

የጋሽ እንፋሎት ዓይን ሞላ፣ አልጠረገውም።

«ሰሙ?» አለኝ።

«ሰማሁ» አልኩት።